ሚዛኑ ከዜሮ ሲወርድ፦ «አንሳይንድ ይጠብቀናል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ኮድ በሚጽፉ ልጆች ስልክ ላይ አንድ ጽሑፍ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ እንኳ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሁለቱ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማሩ ናቸው። አንዱ መርካቶ ውስጥ ለሱቆች የሽያጭ ፕሮግራም የሚሠራ ልጅ ነው። «አንብበው፣ አሪፍ ነው» ብሎ ነው የላከልኝ። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ከዚያ ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ከዜሮ በታች የማይወርድ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ክብደት፣ ዕድሜ፣ ብዛት፣ ከፍታ፣ በፕሮግራም ውስጥ አንሳይንድ ኢንቲጀር፣ ማለትም የመቀነስ ምልክት የማይዝ ሙሉ ቁጥር፣ ይሁን። ቁጥሩ በሌላ ዓይነት ከመጣ ካስት ይደረግ (ወደሚፈለገው ዓይነት በትእዛዝ ይቀየር)፤ ካስቱ ራሱ ፍተሻ ነው። አንሳይንድ ቦታውን በእጥፍ ያሰፋል። ነጥብ ያለው ቁጥር ሲገባበት ወደ ቅርቡ ይጠጋጋል። የፕሮግራም ቋንቋዎች ሁሉ በዚህ ጉዳይ አንድ ናቸው፤ አንዱን ያወቀ ሁሉንም አወቀ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የተሳሳተ ቁጥር ከወጣ ደግሞ ጥፋቱ ቁጥሩን ያስገባው ሰው ነው።

ጸሐፊው ለጀማሪ ብለው፣ ያውም በአማርኛ፣ መጻፋቸውን ከልቤ አከብራለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር በቋንቋችን የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ግን ጀማሪ ያነበበውን ይዞ ሥራ ላይ ያውለዋል። የቡና መጋዘን ሂሳብ ውስጥ ያስገባዋል። የክሊኒክ መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ መሠረቱን እናስቀምጥ። ሳይንድ ማለት የመቀነስ ምልክት መያዝ የሚችል ቁጥር ነው። አንሳይንድ ምልክት የለውም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ቢት ማለት 0 ወይም 1 የምትይዝ የኮምፒውተር ትንሿ ቦታ ናት። በ8 ቢት ሳይንዱ ከ-128 እስከ 127 ይይዛል፣ አንሳይንዱ ከ0 እስከ 255። በ16 ቢት አንሳይንዱ እስከ 65,535 ይሄዳል። በ32 ቢት እስከ 4,294,967,295። ከዚህ ክልል የወጣ ቁጥር ሲመጣ ምን ይሆናል? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በብዙ ቋንቋ መልሱ «ይዞራል» ነው። ልክ እንደ ሰዓት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሆናችሁ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ብትቆጥሩ «ከዜሮ በታች 2 ሰዓት» አትሉም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የምትሉት። 12ቱ ላይ ዞሮ ይመጣል። 8 ቢት አንሳይንድም 256 ቁጥር ያለው ሰዓት ነው። ከ0 አንድ ወደ ኋላ ስትሉ 255 ላይ ታርፋላችሁ። ከ255 አንድ ወደ ፊት ስትሉ 0 ላይ። 300 ብታስገቡበት 44 ይሆናል፤ ከ300 ላይ 256 ሲቀነስ የሚተርፈው ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ክብደት ኔጌቲቭ ስለማይሆን አንሳይንድ ይሁን ተብሏል። እውነት ነው፣ ቡና ከዜሮ በታች አይመዝንም። ፕሮግራሙ የሚቀበለው ግን ሚዛኑ የላከውን ቁጥር ነው። ቡናውና ቁጥሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን የተረዳሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ ለአንድ የቡና መጋዘን የሚዛን ፕሮግራም ስንሠራ ነው። ሚዛኑ በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቷል። ጆንያው ሲጫንበት ኪሎውን ይልካል። ፕሮግራሙ ተቀብሎ ይደምራል፣ ደረሰኝ ያትማል። ኪሎውን የምንይዘው በ16 ቢት አንሳይንድ ነበር። ያኔ እኔም የማስበው ልክ እንደ ጸሐፊው ነው፤ ክብደት ከዜሮ አይወርድም።

ክረምት ነበር። የጅማን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፤ ሲዘንብ ውሎ ሲዘንብ ያድራል። ጆንያ የሚደረደርበት የእንጨት ፓሌት ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ጠዋት ሚዛኑን ዜሮ ሲያደርጉት ያ ፓሌት ላዩ ላይ ነበር። ከሰዓት ፀሐይ ወጣች። ፓሌቱ ደረቀ፣ ቀለለም። ሚዛኑ ጆንያ ሳይኖርበት -2 ማሳየት ጀመረ። ለሚዛኑ ይህ ትክክለኛ መልስ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ኪሎ ቀንሷል፣ ያንኑ ተናገረ።

የሚዛኑ ሰሌዳ ላይ -2 ይላል። የእኛ ፕሮግራም ላይ 65,534 ይላል። አንድ ሠራተኛ ሚዛኑ ባዶ እያለ «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነው። በዕለቱ ድምር ላይ 65 ቶን ተኩል ቡና ተጨመረ። ፈረሱላው 17 ኪሎ ነውና በነጋዴው አቆጣጠር ወደ 3,855 ፈረሱላ መሆኑ ነው።

የሚዛኑ ኃላፊ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴት ናቸው። ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ያልገባ ቡና አስገብቷል፤ ናና እየው» አሉኝ። ስደርስ ደረሰኙን በእጃቸው ይዘዋል። 65,534ቷን በእስክሪብቶ ከበዋታል። «ከዜሮ በታች ሁለት ነው ብሎኝ ቢሆን እኮ ዜሮው ተዛብቷል ብዬ እኔው ራሴ አስተካክለው ነበር» አሉኝ። ይቺ ንግግራቸው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

-2 ማለት ሚዛኑ «ዜሮዬን አስተካክሉልኝ» ሲል ነው። እሳቸው ያን ቋንቋ ለዓመታት ያውቁታል። የእኛ አንሳይንድ ግን በመሀል ገብቶ ማንም ወደማይረዳው ቁጥር ለወጠባቸው።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። ይሄኛው ታሪክ ደግሞ የእኛ አገር ነገር ነው። 2017 ዓ.ም. ላይ የአንድ ክሊኒክን የመዝገብ ፕሮግራም እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ፕሮግራሙ ዕድሜ የሚያሰላው ከዘንድሮው ዓመት ላይ የልደት ዓመትን ቀንሶ ነው። ዘንድሮ የተባለው በእኛ አቆጣጠር 2017 ነው። አንዲት እናት የልጃቸውን ካርድ ይዘው መጡ። ካርዱ ላይ የተጻፈው የልደት ዓመት በፈረንጆቹ ነው፤ 2018 ይላል። መዝጋቢዋ እንዳየችው ጻፈችው። ከ2017 ላይ 2018 ሲቀነስ -1 ይሆናል። ዕድሜ የተያዘው በ8 ቢት አንሳይንድ ስለነበር 255 ሆኖ ተቀመጠ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ላይ «ከ60 ዓመት በላይ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ተቆጥሮ ተገኘ። 255 የምትለዋን ቁጥር ማንም በዓይኑ አላያትም። ሪፖርቱ የሚያወጣው ድምር ብቻ ነው።

ኮዱን ስንከፍተው ፍተሻ አለው። «ዕድሜ ከዜሮ ካነሰ ስህተት ነው በል» የሚል መስመር በደንብ ተጽፏል። የተጻፈው ግን ቁጥሩ አንሳይንድ ከሆነ በኋላ ነው። አንሳይንድ ከዜሮ ሊያንስ አይችልም። ስለዚህ ያ መስመር አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም፤ ሊሠራም አይችልም። የጻፈው ልጅ ጠንቃቃ ልጅ ነው። የመረጠው የቁጥር ዓይነት ጥንቃቄውን መና አስቀረበት። በጽሑፉ ምክር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ስህተቱን ልንይዝበት ያጠመድነውን ወጥመድ ራሱን ያፈርስብናል።

ሳይንድ ብናደርገው የዘመን አቆጣጠሩ ችግር ያልቃል ማለቴ አይደለም። በፈረንጆቹ 2012 የተወለደ ልጅ በዚያው ፕሮግራም 5 ዓመቱ ተብሎ ይመዘገባል። 5 ደግሞ ደህና ቁጥር ይመስላል፤ የትኛውም ፍተሻ አይዘውም። ያን የሚፈታው ቅጹ ላይ «በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሆኖም -1 እንደ -1 ሆና ብትደርስ ኖሮ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር እንደተበላሸ ታሳብቅ ነበር።

ጸሐፊው ከፍታንም ከማይወርዱት ጋር ደምረውታል። ከጅማ ሆኖ ለሚያይ ትክክል ይመስላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አፋር ላይ ግን የደናክል ቆላ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። -100 በ16 ቢት አንሳይንድ 65,436 ሜትር ነው። ኤቨረስት እንኳ 9,000 አይሞላም። አገራችንን በካርታ የሚሠራ ፕሮግራም በዚህ ምክር ቢጻፍ ከአገሪቱ ዝቅ ያለውን ቦታ የዓለም ጣራ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ካስት ራሱ ፍተሻ ነው የሚለው፣ ፍጹም የተገለበጠ ነው። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም ሆነ ጎ በሚባለው ካስት ማድረግ ማለት ለኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ፕሮግራም፣ «እኔ አውቃለሁ፣ አትጠይቀኝ» ማለት ነው። እሱም አይጠይቅም። በሲ ካስት ሳትጽፉ ብትተዉት የጂሲሲና የክላንግ ኮምፓይለሮች ስለ ምልክት መለወጥ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይችላሉ። ያን ማስጠንቀቂያ ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ፤ «ዎል» የሚባለው የተለመደው አማራጭ በሲ ብቻውን አያበራውም። ካስት ስትጽፉ ግን የበራውም ዝም ይላል። ማለትም ጠባቂውን በገዛ እጃችሁ ወደ ቤቱ ትሸኙታላችሁ።

አንድ ስሌት እንሥራ። 1,200 ጆንያ ቡና አለ። እያንዳንዱ 60 ኪሎ ነው። ድምሩ 72,000 ኪሎ። ይህን ካስት አድርጋችሁ 16 ቢት አንሳይንድ ውስጥ ብትከቱት 6,464 ይሆናል። ቅድም ያየናት 65,534 ቢያንስ ታስደነግጣለች፤ ሰው አይቶ ስልክ ይደውላል። 6,464 ማንንም አያስደነግጥም። መቶ ምናምን ጆንያ የጫነ መኪና ይመስላል። ደረሰኝ ላይ ይታተማል፣ ፊርማ ያርፍበታል፣ ፋይል ይገባል። ሳይመዘገብ የቀረው 65,536 ኪሎ ነው። እኔ ከግዙፉ ስህተት ይልቅ ይሄን ደህና የሚመስለውን እፈራለሁ።

«ይህ ቁጥር ከልኩ አያልፍም» የሚለው እምነት ትልልቆቹንም ጥሏል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና ተነሥታ 40 ሰከንድ ገደማ ሲሆናት ከመንገዷ ወጥታ ፈነዳች። ምክንያቱ የቁጥር ቅየራ ነበር። 64 ቢት ባለ ነጥብ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሳይንድ ኢንቲጀር ሲቀየር አልገባ አለ። ሳይንድ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም፤ ጥያቄው «ይገባል ወይስ አይገባም?» የሚለው ያው ነው። የምርመራው ሪፖርት እንደሚለው ለዚህ አደጋ የተጋለጡ ሰባት ቁጥሮች ነበሩ። አራቱ ጥበቃ ተደርጎላቸዋል። ሦስቱ አልተደረገላቸውም። በተፈጥሮ የተገደቡ ናቸው፣ ወይም ሰፊ መጠባበቂያ አላቸው ተብሎ ነው የተተዉት። ለቀድሞዋ ለአሪያን 4 እውነት ነበር። አሪያን 5 ግን አካሄዷ ሌላ ነው፤ ኮዱ ደግሞ ከቀድሞዋ የተወረሰ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሌላም የምወስደው አለ። ኮዱ የተጻፈበት አዳ የተባለው ቋንቋ ስህተቱን አይቶ ጮኋል። ጩኸቱን የሚሰማ አልተጻፈለትም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቆመ። መጠባበቂያውም ያው ኮድ ስለነበረው ቆመ። ፍተሻ ስትጽፉ ታዲያ «አይገባም» የሚል መልስ ሲመጣ ምን እንደሚደረግም አብራችሁ ጻፉ። ሰው ይጠየቅ? መዝገቡ ይዘለል? ሥራው ይቁም? ይሄን ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ መወሰን ይጠይቃል።

እግረ መንገዴን በሲ ያለችውን አንዲት ጉድጓድ ላሳያችሁ። አንድ ሳይንድ -1 እና አንድ አንሳይንድ 1 ወስዳችሁ፣ ሁለቱንም ተራ ኢንት (ብዙ ጊዜ 32 ቢት) መጠን አድርጋችሁ፣ «-1 ከ1 ያንሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አያንስም» ነው። ከማወዳደሩ በፊት -1 በዝምታ ወደ አንሳይንድ ተቀይሮ 4 ቢሊዮን ምናምን ሆኗልና። ካስት እንኳ አልጻፋችሁም። ወደ ታች የሚቆጥር ሉፕም (የሚደጋገም ትእዛዝ) እንዲሁ ነው። «እስከ ዜሮ ድረስ ቀንስ፣ ከዜሮ በታች ሲሆን አቁም» ያላችሁት አንሳይንድ ከሆነ አይቆምም። ከዜሮ በታች የሚባል ቦታ የለውማ።

ሦስተኛው ነጥብ ቦታ ያሰፋል የሚለው ነው። ልክ ነው፣ ያሰፋል። 32 ቢት ሳይንድ 2,147,483,647 ላይ ያበቃል፤ አንሳይንዱ እጥፉን ይሄዳል። ግን 2 ቢሊዮን ያልበቃው ሥራ 4 ቢሊዮንም ብዙ አያቆየውም። ወደ 64 ቢት ሳይንድ ሂዱና ተገላገሉ።

አንሳይንድ ቦታ የለውም ለማለት አይደለም። ምስል ላይ እያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ነው። የኔትወርክ ፓኬት፣ የአይፒ አድራሻ፣ ቼክሰም (መረጃ ሳይበላሽ መድረሱ የሚረጋገጥበት ቁጥር)፣ ምስጠራ፣ ቢቶችን አንድ በአንድ የምታንቀሳቅሱበት ሥራ ሁሉ የአንሳይንድ ቤት ነው። እዚያ መዞሩ ራሱ የሚፈለግ ነገር ነው። «ከዜሮ በታች አይሁን» የሚል ሕግ ለማስከበር ግን ሕጉን በግልጽ ጻፉት። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ አብሮት የሚመጣ አንሳይንድ ዓይነት የለውም። ሰው ታዲያ «ክብደት ከዜሮ አይነስ» ብሎ ቼክ የሚባለውን ገደብ ይጽፋል። -2 ሲመጣበት ዳታቤዙ አልቀበልም ይላል፣ ለምን እንዳልተቀበለም ይናገራል። የጉግል የሲ ፕላስ ፕላስ መመሪያም አንድ ቁጥር ኔጌቲቭ እንደማይሆን ለማመልከት ብላችሁ አንሳይንድ አትጠቀሙ ይላል።

አራተኛው፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ወደ ቅርቡ ይጠጋጋል የሚለው ነው። በሲ፣ በጃቫ፣ በጎ፣ በረስት ካስት አያጠጋጋም፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። 59.9 ኪሎ 59 ይሆናል። በቀን 200 ጆንያ የሚመዝን መጋዘን በየጆንያው እስከ አንድ ኪሎ ሊጎድልበት ይችላል። ገበሬው ነው የሚጎዳው።

ገንዘብ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። 4 ብር ከ35 ሳንቲም ወደ ሳንቲም ልትቀይሩ 4.35ን በ100 አባዙ። 435 ትጠብቃላችሁ። ኮምፒውተሩ 4.35ን በሁለትዮሽ በትክክል መያዝ ስለማይችል የሚያገኘው 434.99999999999994 ነው። ካስት ስታደርጉት 434። አንድ ሳንቲም ጠፋች። መጀመሪያ ራሳችሁ አጠጋጉ፣ ከዚያ ቀይሩ። ከሁሉ የሚሻለው ገንዘብን ከመነሻው በሳንቲም ቆጥሮ መያዝ ነው።

ኔጌቲቭ ባለ ነጥብ ቁጥር ወደ አንሳይንድ ሲቀየርስ? በሲ -1.0ን ወደ 32 ቢት አንሳይንድ ካስት ማድረግ ውጤቱ አልተደነገገም። ስታንዳርዱ፣ ማለትም የቋንቋው ይፋዊ ደንብ፣ ምንም ቃል አይገባላችሁም። ኢንቴል ላፕቶፓችሁ ላይ ብዙ ጊዜ 4,294,967,295 ታያላችሁ። ያንኑ ኮድ አርም ፕሮሰሰር ባለው ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ስታስኬዱት 0 ሊሰጣችሁ ይችላል። ቢሮ ውስጥ የሠራው መጋዘን ውስጥ አይሠራም፤ ሰውም «ማሽኑ ነው» ብሎ ያልፋል። ረስት ከ1.45 እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 2020 ወዲህ፣ ይህን ቁርጥ አድርጎታል። ከታች የወረደ 0 ይሆናል፣ ከላይ ያለፈ ትልቁ ቁጥር ላይ ይቆማል፣ ቁጥር ያልሆነው ናን ደግሞ 0 ይሆናል።

ይህ ወደ አምስተኛው ነጥብ ይወስደኛል። ቋንቋዎች ሁሉ አንድ ናቸው ተብሏል። እስቲ -1ን ይዘን እንዙር። ልናስገባው የምንፈልገው 8 ቢት አንሳይንድ ውስጥ ነው።

ሲ 255 ይላል። ይሄ በስታንዳርዱ የተደነገገ ነው። ጎ ላይ -1 ኮዱ ውስጥ በግልጽ ከተጻፈ ኮምፓይለሩ እምቢ ይላል፤ በቫሪያብል (ፕሮግራሙ ቁጥር በሚይዝበት ስም) ከመጣ ግን 255 ብሎ ያሳልፈዋል። ረስት ላይ «አዝ» በሚለው ቃል ስትቀይሩት 255 ነው። «ትራይ ፍሮም» በሚለው ስትቀይሩት ደግሞ ስህተት ይመልስላችኋል፤ ያን ስህተት ሳታዩ ቁጥሩን መጠቀም አትችሉም። ሲ ሻርፕ በተለመደው አካሄድ ቫሪያብሉን 255 ያደርገዋል፣ «ቼክድ» ውስጥ ካስገባችሁት ይጮኻል። ማትላብ 0 ይላል፤ 300 ብትሰጡት ደግሞ 255 ላይ ይቆማል። ጃቫስክሪፕት በራሱ ሁለት መልስ አለው። ተራው የ8 ቢት አንሳይንድ አሬይ (የቁጥሮች ዝርዝር) 255 ይይዛል፣ ለምስል የተሠራው «ክላምፕድ» የተባለው 0 ይይዛል።

ፓይተን ኢንቲጀሩ ገደብ ስለሌለው ብቻውን ይህ ጣጣ የለበትም። ነምፓይ የተባለውን የፓይተን የቁጥር ላይብረሪ ስትጠቀሙ ግን ይመጣል። በፊት -1ን በቀጥታ ወደ 8 ቢት አንሳይንድ ስትቀይሩ 255 ይሰጥ ነበር። በፈረንጆቹ 2024 ከወጣው 2.0 እትም ወዲህ ስህተት ያነሳል። ልብ በሉ፣ ሙሉ አሬይን «አዝታይፕ» ብላችሁ ስትቀይሩ ግን አሁንም ዝም ብሎ 255 ያደርገዋል። የዳታ ሳይንስ ተማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት ይሄኛውን ነው።

ጃቫ ደግሞ ጭራሽ ሌላ መንገድ ነው። ባይቱም፣ ኢንቱም፣ ሎንጉም ሳይንድ ነው። ምልክት የሌለው ቻር ብቻ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ 200 የሚል ባይት (8 ቢት) ሲልክ ጃቫ -56 ብሎ ያነበዋል። ወደ ኢንት አሳድጋችሁ የታችኞቹን 8 ቢቶች ብቻ ስታስቀሩ 200 ትመለሳለች። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ጃቫ 8 አንሳይንድ አድርጎ የሚያነብ፣ የሚያካፍልና የሚያወዳድር ዘዴ ጨምሯል። የቁጥር ዓይነቱ ግን አሁንም የለም።

እኔ በዚህ ጉዳይ የስዊፍትን አካሄድ እወዳለሁ። ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁና ካልገባ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። ካልፈለጋችሁ የምትፈልጉትን በስሙ ትጠሩታላችሁ። «በትክክል ከገባ ብቻ» ማለት አለ፤ ካልገባ ባዶ ይመልሳል። «ጫፉ ላይ አቁመው» ማለት አለ፤ -1 ያኔ 0 ይሆናል። «ቢቱን ቁረጠው» ማለት አለ፤ 255 ይሆናል። ሦስቱም ትክክል የሚሆኑበት ሥራ አለ። ለምስል ጫፉ ላይ ማቆም ደህና ነው። ለቼክሰም መቁረጥ። ለገንዘብና ለቡና በትክክል ከገባ ብቻ። ኮዱን የሚያነብ ሰው ጸሐፊው ምን አስቦ እንደነበር ከስሙ ያውቃል።

እንግዲህ አንድ -1 ነው። እንደ ቋንቋው 255 ሆነ፣ 0 ሆነ፣ ስህተት ሆነ፣ ወይም ፕሮግራም አቆመ። አንዱን ቋንቋ ያወቀ ሁሉንም አላወቀም። ከፓይተን ወደ ሲ የሚሻገር ተማሪ ይህን ካልሰማ የሚያገኘው ሥራ ላይ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው የሚለው ነው። ይሄን ሳነብ አዘንኩ። እናትየው ያመጡት ካርድ ትክክለኛ ነበር። መዝጋቢዋ የተጻፈውን ነው የጻፈችው። ሚዛኑ የላከው -2 እውነት ነበር። የሚዛኑ ኃላፊ ደግሞ ችግሩን ከማናችንም በፊት ነው ያወቁት። ስህተቱ የእኛ ነው፤ አንዲት የካስት መስመር ናት። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን መልሰው የሚያወጡት ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አንቀጽ እንዲሰርዙልኝ እለምናቸዋለሁ። ጀማሪ ልጅ ሥራውን ሲጀምር ተጠቃሚውን መውቀስ መማር የለበትም።

እኛ ያን ፕሮግራም ያስተካከልነው እንዲህ ነው። ከሚዛኑ የሚመጣውን ቁጥር በ32 ቢት ሳይንድ እንቀበላለን። ገና በሩ ላይ ሳለ ሁለት ነገር እንጠይቀዋለን። ከዜሮ ታንሳለህ? ሚዛኑ መሸከም ከሚችለው ትበልጣለህ? ሁለቱንም ካለፈ ብቻ ይመዘገባል። ድምሩን በ64 ቢት ሳይንድ እንይዘዋለን። ካላለፈ የመጣው ቁጥር ራሱ፣ ሳይለወጥ፣ ስክሪኑ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይወጣል፦ «ሚዛኑ -2 ይላል። ባዶ አድርገው ዜሮ ያድርጉት።» ሁሉም አንድ ላይ ሃያ መስመር አይሞላም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት ለሌላ ጉዳይ ወደ መጋዘኑ ጎራ ብዬ ነበር። የሚዛኑ ኃላፊ ያን ፓሌት ከሚዛኑ ላይ አንሥተውታል። ግድግዳው ጥግ ዝናብ በማይደርስበት አስደግፈውታል። ሚዛኑን ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ ዜሮ ያደርጉታል።